ጸሐፊው ሄኖክ በቪዲዮ ጌም ውስጥ

«ኤል ሻዳይ፦ የሜታትሮን ዕርገት» ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓንና በአሜሪካ ለገበያ የቀረበ የቪዲዮ ጌም ነው። ሥራውን የመራው ታኬያሱ ሳዋኪ የተባለ ጃፓናዊ ንድፍ አውጪ ሲሆን፣ ቀደም ሲል «ዴቪል ሜይ ክራይ» እና «ኦካሚ» ለተባሉት ጌሞች ገጸ ባሕርያትን ነድፏል። ላይ ላዩን ሲታይ እንደማንኛውም የምናብ ጌም ሰይፍ የያዘ ጀግና፣ ጭራቅና ሰማይ ጠቀስ ግንብ ያለበት ነው። ታሪኩ የተቀዳው ግን ከመጽሐፈ ሄኖክ ነው። ይህ መጽሐፍ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይጎድል የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው።

የምናብ ጌሞች ከሃይማኖትና ከአፈ ታሪክ ስም መዋሳቸው የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ዋናውን ባላንጣ ሴፊሮት ብሎ የሰየመው በአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ካሉት ከዐሥሩ ሰፊሮት ወስዶ ነው፤ የከተማው ስም ሚድጋር ደግሞ በሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ እምነት የሰው ልጅ መኖሪያ የሚጠራበት ነው። እዚያ ስሙ ለጌሙ ግርማ ይሰጠዋል እንጂ ታሪኩን አብሮ ይዞ አይመጣም። ሰፊሮት ምን እንደሆነ የማያውቅ ተጫዋች ከጌሙ የሚያመልጠው ነገር ጥቂት ነው። «ኤል ሻዳይ» ከዚህ ይለያል። የተዋሰው የታሪኩን አጥንት ስለሆነ ምንጩን እንዴት እንዳነበበው፣ ምኑን እንደያዘና ምኑን እንደጣለ መጠየቅ ይቻላል።

መጽሐፈ ሄኖክ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አሐዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ቤተ እስራኤላውያንም ሲያነቡት ኖረዋል። መቶ ስምንት ምዕራፎች አሉት። በአዲስ ኪዳን የይሁዳ መልእክት ይጠቅሰዋል። በሌላው የክርስትና ዓለም ግን ሙሉው መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደጠፋ ተቆጥሮ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ከርሞ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በ1838 ደግሞ የግዕዙን ንባብ አሳተመው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች የመጽሐፉን ጥንታዊነት አረጋገጡ። እነሱ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ሙሉው መጽሐፍ ዛሬም የግዕዝ ነው።

ጌሙ የቀዳው ግን ከዚህ ከአንዱ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በሄኖክ ስም የሚጠሩ ሦስት መጻሕፍት አሉ፤ የሦስቱም አሻራ ይታይበታል። መላእክት ከሰማይ ወርደው የሰውን ሴቶች ማግባታቸው፣ ሄኖክም ወደ እነሱ መላኩ ከግዕዙ ሄኖክ የመጣ ነው። እነዚህን መላእክት ጌሙ «ግሪጎሪ» ይላቸዋል፤ ይህ አጠራር የሚገኘው በስላቭ ቋንቋ በተጠበቀው ሁለተኛው ሄኖክ ነው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ነቅቶ የሚኖርን፣ የማያንቀላፋን ያመለክታል። የግዕዙ ሄኖክ በዚያው ስሜት ትጉሃን ይላቸዋል። በንዑስ ርእሱ ላይ ያለው ሜታትሮን ደግሞ በዕብራይስጥ ከተጻፈው ከሦስተኛው ሄኖክ የተወሰደ ነው። እዚያ ሄኖክ ወደ ሰማይ ተነጥቆ ሥጋው እሳት ይሆናል፤ ሰባ ሁለት ክንፍና እልፍ አእላፍ ዓይኖች ተሰጥተውት ሜታትሮን የተባለ ታላቅ መልአክ ይሆናል። «ኤል ሻዳይ» የሚለው ርእስ ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር ለአብርሃም የተገለጠበት ስም ነው።

የመላእክቱን ስሞች ቀረብ ብሎ ማየት የጌሙ ሠሪዎች በየትኛው መንገድ ወደ መጽሐፉ እንደደረሱ ያሳያል። መጽሐፈ ሄኖክ ሁለት መቶ መላእክት በአርሞንዔም ተራራ ላይ እንደወረዱ ተርኮ አለቆቻቸውን በስም ይዘረዝራል። ጌሙ ሰባት ብቻ መርጧል፦ ሰምያዛ፣ አዛዝኤል፣ አርማሮስ፣ በረቅኤል፣ ሳርኤል፣ አራቅኤልና ኢዜቅኤል። የመጨረሻው በእንግሊዝኛው ጌም የነቢዩን የሕዝቅኤልን ስም መስሎ ስለተጻፈ ተጫዋቾችን ሊያሳስት ይችላል፤ ከነቢዩ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም። መጽሐፉ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ የትኛው መልአክ ምን እንዳስተማረ ሲዘረዝር፣ የግዕዙ ንባብ አራቅኤልንና ኢዜቅኤልን አይጠቅስም፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚገኙት ጣምኤልና አስራድኤል ናቸው። አራቅኤል የምድርን ምልክት፣ ኢዜቅኤል የደመናን ነገር አስተማሩ የሚለው ከግሪኩ ንባብ ተወስዶ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአር. ኤች. ቻርልስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ውስጥ የገባ ነው። ስለዚህ ከጎንደር የወጣው መጽሐፍ ቶኪዮ የደረሰው በለንደንና በኦክስፎርድ በኩል ዞሮ፣ በመንገዱም ጥቂት ተለውጦ ነው።

ከስሞቹ አንዳንዶቹ ለአማርኛ ጆሮ ያለ አስተርጓሚ ይናገራሉ። በረቅኤል ሲባል መብረቅ ይሰማል፤ በመጽሐፉ ከአለቆቹ አንዱ የሆነው ኮከብኤል ሲባልም ኮከብ። ሁለቱም ስሞች ያን ያህል ቀጥተኛ ናቸው፤ የእግዚአብሔር መብረቅ፣ የእግዚአብሔር ኮከብ ማለት ነው። መጨረሻቸው ላይ ያለው «ኤል» ከወደቁ በኋላም አልተነጠቀም። የስሞቹ ሐዘን እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ በ«ኤል» የሚያበቃ እያንዳንዱ የወደቀ መልአክ የወደቀበትን ከፍታ በስሙ ተሸክሞ ይዞራል።

የመጽሐፉ ከባድ ጥያቄ የዕውቀት ጥያቄ ነው። የትጉሃኑ በደል ሴት ማግባታቸው ብቻ አልነበረም፤ ማስተማራቸውም ተቆጥሮባቸዋል። አዛዝኤል ሰይፍና ጩቤ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን አሳየ፤ አምባርና ጌጥ፣ ዓይን መኳል፣ የከበረ ድንጋይና ልዩ ልዩ ቀለምም ከእርሱ ተገኙ። ሌሎቹ አስማትን፣ ሥር መማስን፣ ኮከብ መቁጠርን፣ የጨረቃን አካሄድ አስተማሩ። ሥር ማሽና ቅጠል በጣሽ የሚባለው ሰው በኢትዮጵያ ገጠር የሚከበርም የሚፈራም ነው፤ ስምንተኛው ምዕራፍ ለዚያ ፍርሃት ጥንታዊ ምንጭ ይሰጠዋል። የበለጠ የሚያስደንቀው ስድሳ ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው፤ እዚያ ፔኔሙኤ የተባለ መልአክ ለሰው በቀለምና በወረቀት መጻፍን አስተማረ ተብሎ ይወቀሳል። ይህን የሚናገረው የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ተራኪው ሄኖክም የጽድቅ ጸሐፊ የሚል ማዕረግ ያለው ነው።

ታዲያ ዕውቀት ራሱ ኃጢአት ነውን? መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ከሰባ ሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ቅዱስ ዑራኤል ሄኖክን እየመራ ፀሐይ የምትወጣባቸውንና የምትገባባቸውን ስድስት ስድስት ደጆች፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል፣ የሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀኑን ዓመት ያሳየዋል። ይህ ትምህርት በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘንድ ቦታ አለው። አስራድኤል ሰርቆ ያወረደው የጨረቃ ነገር በዑራኤል በኩል ሲመጣ ቅዱስ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ጨረቃዋ ያችው ናት። የተለየው ዕውቀቱ የመጣበት መንገድ ነው፤ ማን ላከው፣ ለማን ተሰጠ፣ ተቀባዩስ ለመሸከም ተዘጋጅቶ ነበር ወይ የሚለው ነው። መጽሐፉ ለማንኛውም ዘመን የሚበጀው እዚህ ላይ ይመስላል። መሣሪያን ከመሣሪያነቱ የተነሣ አይኮንንም፤ ያለ ኃላፊነት የተወረወረ ዕውቀት ምድርን በደም እንደሚሞላ ግን ሳያመነታ ይናገራል።

ጌሙ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በቃል የተነገረ አይደለም፤ በእጅ እንቅስቃሴ ውስጥ ይገኛል። ሄኖክ ውጊያውን ሲጀምር ባዶ እጁን ነው። ጠላቱን መትቶ ካንገዳገደው በኋላ መሣሪያውን ይነጥቃል፤ «አርች» የተባለውን ቆልማማ ስለት፣ ወይም «ጌል» የተባለውን ተወርዋሪ፣ ወይም «ቬይል» የተባለውን ጋሻ። መሣሪያው ርኩሰት ስላለበት ጥቂት ከተዋጉበት በኋላ እየጠቆረ ጉልበቱ ይደክማል። ያን ጊዜ ሄኖክ ቆም ብሎ መዳፉን በስለቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፋል፤ ጥቁረቱ ተገፎ ብርሃን ይወጣዋል። ተጫዋቹ ይህን በጌሙ ውስጥ ደጋግሞ ይፈጽማል፤ በጥድፊያ መሀል እንኳ ለማንጻት ጊዜ መስጠት አለበት። አዛዝኤል ያስተማረው ብረት አይጣልም፤ ይታጠባል። አንዴ ታጥቦም አይበቃውም፤ በያዙት ቁጥር መልሶ ይቆሽሻል። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ በቃል የለም፤ ከመጽሐፉ መንፈስ ግን የራቀ አይደለም። ጌሙ ከምንጩ ጋር በእውነት የተነጋገረበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

የመላእክቱ ልጆች የሆኑት ኔፊሊም የተሣሉበት መንገድም እንዲሁ በጥንቃቄ የታሰበ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ረዓይት ይላቸዋል፤ የሰውን ድካም ሁሉ በልተው ሲጨርሱ ሰውን መብላት ጀመሩ፣ በመጨረሻም እርስ በርሳቸው ተበላሉ ይላል። በጌሙ ውስጥ ደግሞ ኔፊሊም መጀመሪያ ሲታዩ የሚያስፈሩ አይደሉም። ለስላሳ፣ ክብ፣ ሕፃን የሚመስሉ ፍጥረቶች ናቸው፤ ተጫዋቹ ሊራራላቸው ይችላል። ከዚያ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ የበላው አድጎ የሚነድ ግዙፍ ይሆናል፤ ምድሪቱንም ያቃጥላል። ያልተገባ ፍቅር የወለደው ነገር ሲያዩት የሚወደድ፣ ሲያድግ የሚያጠፋ መሆኑን ይህ ምስል ከረጅም ንግግር ይልቅ ያስረዳል። የአዛዝኤል ግዛትም እንደዚሁ ነው፤ ጥንታዊው ግንብ በድንገት የኤሌክትሪክ መብራት የሞላው የወደፊት ከተማ ይሆንና ሄኖክ በሞተር ብስክሌት ይከንፍበታል። ብረት ማቅለጥን ያስተማረው መልአክ እስከዚያ ድረስ ቢተዉት የት ሊደርስ እንደሚችል ማሳየታቸው ነው።

ጌሙ ከምንጩ እጅግ የሚርቀው ስለ ምልጃ በሚነግረው ነገር ነው። በመጽሐፉ ሄኖክ ሰይፍ አይነካም። ትጉሃኑ በሥራቸው ደንግጠው ይቅርታ እንዲለምንላቸው አቤቱታ ያጽፉታል፤ እርሱም በዳን ወንዝ ውኃ አጠገብ ተቀምጦ አቤቱታቸውን ሲያነብ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በራእይም ወደ ዙፋኑ ይቀርባል። አቤቱታው አይሰማም። መልሱ የሥርዓቱን መገልበጥ የሚያመለክት ነው፤ መላእክት ስለ ሰው መለመን ሲገባቸው ሰው ለመላእክት ለማኝ ሆኗል። የትጉሃኑን እጅና እግር የሚያስሩት ቅዱሳን መላእክት ናቸው። ሩፋኤል አዛዝኤልን በዱዳኤል በረሃ በጨለማ ይጥለዋል፤ በላዩም ሹል ድንጋይ ይከምርበታል። ሚካኤል ሰምያዛን ለሰባ ትውልድ ያስረዋል። ውኃውም ይመጣል።

በጌሙ ግን የማሰሩ ሥራ የሄኖክ ነው። ሰማይ ምድርን በውኃ ለማጥፋት ይነሣል፤ ሄኖክ ሰባቱን ይዞ ከተመለሰ ጥፋቱ ሊቀር ይችላል። ግንባቸውን ፍለጋ ብቻ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይንከራተታል፤ ዘፍጥረት ለሄኖክ የሚሰጠውን የሦስት መቶ ስልሳ አምስት ዓመት ዕድሜ የሚያስታውስ ነው። በዚህ ለውጥ ጌሙ አንድ ነገር አተረፈ፣ አንድ ነገርም አጣ። ያተረፈው ሄኖክ ለሚገባው ወገን፣ ለሰው፣ መቆሙ ነው። ያጣው ደግሞ የመጽሐፉን ልብ ነው። በመጽሐፉ ሰማይን ያነሣሣው የሟቾቹ ጩኸት ነበር፤ ምድር ራሷ ከሳሽ ሆና ቆመች፤ የተገደሉት ነፍሶች እስከ ሰማይ ደጅ ጮኹ። ፍርዱ የመጣው ለተገፉት ነው። ጌሙ ውስጥ የተገፉት ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ ሆኖ ቀርቷል፤ ፊት ለፊት የሚታየው የአንድ ጀግና ትግል ነው። የትግል ጌም ጀግና ያስፈልገዋል ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ ጉዳት ነው።

ከጌሙ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ይበልጥ የሚያነጋግረው ሉሲፌል ነው። ከጊዜ ውጭ የሚኖር፣ ጥቁር ዘመናዊ ልብስ የለበሰ መልአክ ሆኖ ሄኖክን ይጠብቃል። ሉሲፈር የላቲን ቃል ሲሆን ብርሃን ተሸካሚ ማለት ነው፤ በነቢዩ ኢሳይያስ ትንቢት የአጥቢያ ኮከብን የሚያመለክት እንጂ መነሻው የጋኔን ስም አልነበረም። ጃፓኖቹ መጨረሻውን ወደ «ኤል» የመለሱት ገና ያልወደቀ መሆኑን ለማሳየት ነው። የኢትዮጵያ ትውፊት ዲያብሎስን ከውድቀቱ በፊት በነበረው ስም ሳጥናኤል ሲለው በዚያው «ኤል» ይጠቀማል፤ የስላቩ ሁለተኛ ሄኖክም የግሪጎሪን አለቃ በተቀራራቢ ስም ይጠራዋል። ስለዚህ ይህን ስም የሚያውቅ ሰው ሉሲፌልን ሲያይ ወደፊት የሚሆነውን ያውቃል፤ ደግ ሆኖ የሚታየው ረዳት በነገው ጥላ ውስጥ ቆሟል።

ተጫዋቹ የደረሰበትን ማስቀመጥ ሲፈልግ ሉሲፌልን መፈለግ አለበት። ሉሲፌል አንድ ጥግ ላይ ቆሞ በተንቀሳቃሽ ስልክ ከእግዚአብሔር ጋር ሲነጋገር ይገኛል፤ የሄኖክን ነገር ያስረዳል፤ በዚያ መሀል የጨዋታው ሂደት ይመዘገባል። ለአማኝ ሰው ስልኩ ሊከብደው ይችላል፤ መክበዱም ተገቢ ነው። ከሥር ያለው ሐሳብ ግን ሊታለፍ አይገባም። በመጽሐፈ ሄኖክ የሰው ሥራ ሁሉ በሰማይ ጽላት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የተጻፈው አይፋቅም። ጌም ደግሞ በባሕርዩ የሚፋቅ ዓለም ነው፤ ተጫዋቹ ተሳስቶ ቢሞት ወደ ኋላ ተመልሶ ይሞክራል። ሉሲፌልም ጣቱን አጩኾ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው ማስታወቂያ በጃፓን ኢንተርኔት ላይ የተዛመተው ቅንጭብ ይህንኑ ያሳይ ነበር፤ ሄኖክ ስለ ጥሩሩ ተጠይቆ አይገደኝም ብሎ ይወጣል፣ ይሸነፋል፣ ጊዜው ይመለሳል፣ ያን ጊዜ የተሻለውን ጥሩር ይጠይቃል። ብዙዎች የሳቁበት ይህ ትዕይንት ከመጽሐፉ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ለሄኖክ ለጸሐፊው ጊዜ አይመለስም፤ ንስሓ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ሊሻር የሚችል ስሕተት ንስሓ አያሻውም።

ከሌሎች ባህሎች የተጨመሩት ነገሮች ያን ያህል ጥልቀት የላቸውም። ናና የተባለችው ልጅ በሱሜር የጨረቃ አምላክ ስም ትጠራለች፤ የኢሽታርም ስም ከእርሷ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የጨለማው ገዢ ቤልያል ደግሞ ከሙት ባሕር ጥቅልሎች ይታወቃል። የመስጴጦምያና የአይሁድ ስሞች ጎን ለጎን መቀመጣቸው በታሪክ አያስደንቅም፤ ጌሙ ግን እነሱን አስተሳስሮ ወደ አንድ ሐሳብ አላደረሳቸውም።

መጽሐፉን በዘመናት የጠበቀችው ቤተ ክርስቲያን ይህን ታሪክ በሌላ መንገድ እንደምታነበው ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድምታው ትምህርት ከቃየን ሴቶች ልጆች ጋር የወደቁት ሥጋ የሌላቸው መላእክት አይደሉም፤ ደብር ቅዱስ በተባለው ተራራ በንጽሕና ሲኖሩ ከነበሩበት የወረዱ፣ የአዳም ልጅ የሆነው የሴት ዘሮች ናቸው። በንጽሕናቸው መላእክትን ስለመሰሉ በመላእክት ስም ተጠሩ። ይህ ንባብ የኃጢአቱን ክብደት ከሰማይ አንሥቶ በሰው ትከሻ ላይ ያሳርፋል። በዚህ ዓይን ሲታይ የጌሙ ሰባት አለቆች ከሰማይ የመጡ እንግዶች መሆናቸው ይቀራል፤ ከተራራው የወረዱ ወንድሞች ይሆናሉ።

ልዩነቱ በሄኖክ ፍጻሜም ይታያል። ለኢትዮጵያ ምእመን ሄኖክ መልአክ አልሆነም። ሞትን ሳይቀምስ ተሰውሮ በብሔረ ሕያዋን ይኖራል፤ በመጨረሻው ዘመን ከኤልያስ ጋር ተመልሶ ስለ እውነት መስክሮ ይሞታል። የአይሁድ ምሥጢራዊ ትውፊት ግን ሜታትሮን ያደርገዋል፤ ጌሙም የተከተለው ይህን ነው። በባቢሎን ታልሙድ ስለ ሜታትሮን የሚነገረው ታሪክ ጌሙ የዘነጋውን ያስታውሳል። ኤልሳዕ ቤን አቡያ የተባለው መምህር በሰማይ ሜታትሮንን ተቀምጦ አየው፤ መላእክት የሚቆሙ እንጂ የሚቀመጡ አይደሉምና ሁለት ኃይላት በሰማይ አሉን ብሎ ተሰናከለ። ሜታትሮንም ቢሆን ከፈጣሪው በታች ያለ አገልጋይ መሆኑ እንዲታወቅ ስልሳ የእሳት ጅራፍ ተገረፈ። እንዲቀመጥ የተፈቀደለት የእስራኤልን በጎ ሥራ እንዲጽፍ ነበር። እሳት ከሆነም በኋላ በዙፋኑ ፊት የተሰጠው ሥራ ያው የጸሐፊነት ሥራ ነው።